ዝቅ ያደረግናት ዲኤክስ

የጋለ ብረት ሽታ ሲመጣብኝ እጄ ላይ ያለውን ሁሉ አስቀምጣለሁ። ከጋራዤ አጠገብ የመስኮትና የበር ብረት የሚሠራ ጎረቤት አለኝ። የብረት መቁረጫውን ግራይንደር አስነስቶ ብረቱ ላይ ሲያሳርፈው መጀመሪያ ጩኸቱ ይመጣል፤ ቀጥሎ ያ ሽታ፣ የተቃጠለ ፀጉርም የተቃጠለ ድንጋይም የሚመስለው፣ በቆርቆሮው አጥር ሾልኮ ይገባል። ሥራ የለመደ ሰው አፍንጫው ይደነዝዛል ይባላል። የኔ አልደነዘዘም። ወጥቼ መንገድ ዳር እቆማለሁ፤ ጋሪዎቹንና ባጃጆቹን እያየሁ ሽታው እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ጎረቤቴ ሲጋራ ላጨስ የምወጣ ይመስለዋል። ሲጋራ አጭሼ አላውቅም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሮቤ ውስጥ የራሴን ጋራዥ ከከፈትኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። መኪና የምንወድ አራት ሰዎች ነበርን፦ እኔ፣ የልጅነት ጓደኛዬ፣ አንድ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ እና መኪና መንዳት የሚያስተምር በዕድሜ ከሁላችንም ከፍ ያለ ሰው። እሑድ ከሰዓት ወደ ጎባ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ስንዴ ማሳው አጠገብ መኪኖቻችንን አሰልፈን እንቆማለን። ነፋሱ ከተራራው እየወረደ ስንዴውን ያስተኛዋል፣ መልሶ ያነሳዋል። እኛ ጃኬታችንን እስከ አንገታችን ዘግተን፣ በስልክ የሰው አገር መኪና ፎቶ እንቀባበላለን። ጎማቸው አካላቸው ውስጥ የተደበቀ፣ ሆዳቸው አስፋልቱን ሊልስ የደረሰ መኪኖች።

በዚህ ነገር አንድም ቀን ተስማምተን አናውቅም። አስተማሪው መኪና ከፋብሪካ እንደወጣ ይነዳል ባይ ነበር። "የሠራው መሐንዲስ ካንተ ያነሰ ያውቃል?" ይላል። የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ደግሞ መሃል ሰፋሪ ነው። "ሁለት ጣት ዝቅ ቢል ያምርበታል። ከሁለት ጣት ካለፈ ግን በሽታ ነው" ይል ነበር። እኔም ከሱ ጋር ነበርኩ። ጓደኛዬ ግን ሁለት ጣት የሚባል ነገር አይገባውም።

"ሳነቴ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን አይታችኋል?" አለን አንድ እሑድ። "ቆሞ አይሄድም እኮ። ሆዱን መሬት አስነክቶ ነው የሚሳበው። ከዚያ የሚያምር ነገር አላየሁም። መኪናም እንደዚያ ነው መሄድ ያለበት።"

አስተማሪው ሳቀ። "ቀበሮው አድኖ ሲጨርስ ይነሳል። ያንተን ማን ያነሳታል?"

ሁላችንም ሳቅን። ጓደኛዬ አልሳቀም።

ከሱ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ ነው የተቀመጥነው። እኔ ሙስሊም፣ እሱ ክርስቲያን። የነሱ ቤት ለኔ እንደ ቤቴ ነበር። እናቱ በፋሲካ እንኳ ለኔ በሌላ ድስት ምስር ለይታ ታስቀምጥልኛለች፤ "ይሄ ያንተ ነው፣ የኛ ማንኪያ አልነካውም" ትለኛለች። አባቱ ዕድሜውን ሙሉ እህል የጫነ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ነጯን ዲኤክስ መኪና ለልጁ የሰጠው እሱ ነበር። ልጁ ዝቅ ሊያስደርጋት እንደሚፈልግ ሲሰማ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ሰውን ጉልበቱን ቆርጠህ ሩጥ ትለዋለህ?"

የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ሊያገባ ሆነ። ሙሽራዋ የጎባ ልጅ ናት። ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ጓደኛዬ መኪናዋን ጋራዤ ውስጥ አስገብቶ ቁልፉን እጄ ላይ አኖረው።

"ሙሽራ አጅቤ ጎባ የምገባው በዚህ ቁመቷ አይደለም" አለ።

"ሁለት ጣት አወርድልሃለሁ።"

"ጎማው ካልተደበቀ እንዳትነካት። አንተ እንቢ ካልክ ሌላ ከተማ ወስጄ አስቆርጣታለሁ። እዚያ በእሳት አቅልጠው ነው አሉ የሚያወርዱት።" ቀጥሎም፦ "ወይስ አትችልም?"

እውነቱን ለመናገር ያ የመጨረሻው ቃል ነው የነከሰኝ። ሌላ ሰው ከሚያበላሽበት እኔ ልሥራለት ብዬ ነው ስል ብዙ ዓመት ለራሴ ነግሬያለሁ። ውሸት አይደለም፣ ግን ሙሉ እውነትም አይደለም። መቻሌን ላሳየው ፈልጌ ነበር።

ሞላዎቹን አወጣኋቸው። ሞላ ማለት መኪናዋን ከጎማው በላይ የሚሸከማት፣ እንደ እባብ የተጠመዘዘው ብረት ነው። በግራይንደር አንድ ዙር ቆርጬ መልሼ ገጠምኩ። ጓደኛዬ ራቅ ብሎ አያትና ራሱን ነቀነቀ። እንደገና ቆረጥኩ። "ገና ነው" አለ። ጋራዡ በዚያ ሽታ ተሞልቶ ዓይናችን ያነባ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ቆርጬ ስገጥማት የኋላ ጎማዎቿ ግማሽ ድረስ ጠፉ። ጓደኛዬ መሬት ላይ ተንበርክኮ እንደ ሕፃን ሳቀ።

ሊሄድ ሲል የኋላውን ለማየት በክሪክ አነሳኋት። ጎማው ወደ ታች ተንጠለጠለ፤ ሞላው ግን አልተከተለውም። በእጄ ስነካው በቀጭን ክንድ ላይ እንዳለ አምባር ዞረልኝ። ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጎማው ድንገት ጉድጓድ ውስጥ ከወረደ ሞላው ከቦታው ሊወጣ ይችላል። አሁንም እዚያው ተንበርክኬ ይታየኛል፤ ሽቦ ፈልጌ ሞላውን ከመቀመጫው ጋር አሰርኩት። ሽቦ!

"ቀስ ብለህ ንዳ" አልኩት። "ጉድጓድ ስታይ ቁም።"

ከነግራሶዬ አቀፈኝ።

በሠርጉ ቀን ያማረች ነገር ነበረች። ይህን መካድ አልችልም። ጎባ ስንገባ የእግረኛው ዓይን ከሙሽሮቹ መኪና ይልቅ እሷ ላይ ነበር። አሽከርካሪዎች መስታወት ዝቅ አድርገው ያፏጫሉ፤ ጎልማሶች ቁጢጥ ብለው ከሥሯ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ ያያሉ። ጓደኛዬ አንድ እጁን በመስኮት አውጥቶ፣ በእግር ሰው ፍጥነት ያስኬዳታል። አስተማሪው አያትና ወደ ጓደኛዬ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ "ቆንጆ ናት" አለው። "አትንዳት።"

ከዚያ አምስተኛው ቀን ላይ፣ ጠዋት፣ ጭጋጉ ገና ከመንገዱ ሳይነሳ ዲኤክሷ ጋራዤ በር ላይ ቆመች። ጓደኛዬ ጎማ ሊያስነፋ ነው የመጣው። እናቱ ጥቁር ነጠላ ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች። ዲንሾ ያለች የወንድሟ ሚስት ሞታ ለቅሶ እየሄዱ ነበር።

"አከም ቡልቴ፣ ልጄ?" አለችኝ በመስኮቱ። እናቱ ጠዋት ጠዋት በኦሮምኛ ነበር ሰላም የምትለኝ።

"ነጋ፣ እማማ" አልኳት በዚያው ቋንቋ፤ ሰላም ነው ማለቴ ነው። "እግዜር ያጽናዎት።"

"አሜን። አንተስ ደህና ነህ?"

ደህና ነኝ አልኩና ጓደኛዬን ከመኪናው ኋላ ሳብ አደረግሁት። "በሚኒባስ ብትሄዱ አይሻልም? የዲንሾ መንገድ ከብት ይበዛበታል። የኋላው ሞላ ደግሞ..."

"እኔ እያለሁ እናቴ በሚኒባስ ለቅሶ ትሂድ?" አለ። "አንተ አይደለህ እንዴ የሠራኸው?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያውስ።"

እናቱ ከፊት ሆና ወደ እኔ ታያለች። "እማማ፣ ይውረዱ" ማለት ይበቃ ነበር። ሁለት ቃል ነው። ልጇ ቢቆጣም ብትስቅብኝም ትወርድ ነበር፤ አውቃታለሁ። አፌን ከፈትኩ። ነገር ግን ይውረዱ ካልኩ ለምን ትለኛለች፣ ለምን ካለችኝ ደግሞ የሠራሁት ሥራ ሰው የሚጭን አይደለም ልላት ነው። አፌን ዘጋሁ። እጇን አውለበለበችልኝ። መኪናዋ ጭጋጉ ውስጥ ስትገባ የኋላ መብራቷ ከመሬት ስንዝር ከፍ ብሎ ነበር የሚታየው።

ከሰዓት አንድ የሚኒባስ ሹፌር ጋራዡ በር ላይ ቆሞ፣ "የነጯ ዲኤክስ ባለቤት ወዳጅ አንተ ነህ?" አለኝ። በመጣበት መኪና ይዞኝ ተመለሰ።

ከለቅሶ ሲመለሱ ነው። ከሰዓት እንደገና ከወረደው ጭጋግ ውስጥ ከብቶች ድንገት መንገዱን ሞሉት። ጓደኛዬ ሊያሳልፍ ወደ ዳር ሲያወጣት የኋላው ጎማ ከአስፋልቱ ጫፍ ወረደ። ሞላው ወጣ። መኪናዋ አንዴ ተገልብጣ ገብስ ማሳ ውስጥ በጎኗ ተኛች። እናቱን ገበሬዎቹ አውጥተው በጋቢ ሸፍነዋታል። ጓደኛዬ ክንዱ ተሰብሮ ከአጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጧል። አያለቅስም። የተረገጠው ገብስ እርጥብ እርጥብ ይሸታል፤ አንድ ሰው ላሞቹን እያፏጨ ይነዳል።

ሞላውን ሳሩ ውስጥ አየሁት። ሽቦዬ ጫፉ ላይ ተጠምዝዞ ቀርቷል። ማንም ወደ እኔ አያይም ብዬ ጎንበስ አልኩ፤ ሽቦውን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። ቀና ስል የጓደኛዬ ዓይን እኔ ላይ ነበር።

ፖሊሱ ሆስፒታል መጥቶ ቃሉን ሲቀበል አልጋው አጠገብ ቆሜያለሁ።

"ሞላውን ማነው የቆረጠው?"

"እኔ ነኝ" አለ ጓደኛዬ። "ራሴ።"

"መካኒክ ነህ?"

"አይደለሁም። ግን ራሴ ነኝ።"

ፖሊሱ ጻፈ። እኔ ዝም አልኩ። ወላሂ፣ በሕይወቴ ብዙ አውርቻለሁ፤ የማስታውሰው ግን ያን ዝምታ ነው።

እናቱ ስትቀበር እሱ አልነበረም። ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ስንደርስ ለሌላ ሰው ልለቅ ስል አባቱ ክንዴን ይዞ፣ "አንተ ያዝ" አለኝ። እስከ ውስጥ ያዝኩ።

አርባዋ ከወጣ በኋላ ሄድኩ። አባቱ ፀሐይ ላይ፣ በር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ልጁ ያኔ እስር ላይ ነበር። ሰላም ሳልል ተናገርኩ።

"አባባ፣ ሞላውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለ። "ልጄ ብሎን አጥብቆ የማያውቅ፣ ሞላ ቆርጦ ይገጥማል? አርባ ቀን ሙሉ መጥተህ እስክትነግረኝ ስጠብቅህ ነበር።"

"ፖሊስ ጋ ልሂድ?"

"ሂድ አልልህም። አትሂድም አልልህም።" ከዚያ በርጩማውን ለቆ ተነሳ። "አሁን ግን ሂድልኝ። ዛሬ ፊትህን ማየት አልችልም።"

ፖሊስ ጋ አልሄድኩም። ነገ እላለሁ፤ ነገ ይመጣል፤ ደግሞ ነገ እላለሁ። ጓደኛዬ ከዓመት በላይ ታሰረ። በየሳምንቱ ምግብ ይዤለት እሄድ ነበር። ስለ አየሩ እናወራለን፣ ስለ እህሉ እናወራለን። ስለዚያ ነገር አንድም ጊዜ አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም። ሲፈታ ሮቤ አልተመለሰም። እሑድ አስፋልት ዳር መቆማችንም ቀረ። አስተማሪው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ "ብያችሁ ነበር" አላለኝም፤ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። አባቱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረፈ።

ከዚያ በኋላ ነው፣ በአንድ የመኸር ወቅት ገሰራ ወረዳ የሚሠራ ኮምባይነር ተበላሽቶ ሰዎች የጠሩኝ። ማሳው መሃል ደርሼ ከመኪና ስወርድ የኮምባይነሩ ሹፌር ጀርባውን ሰጥቶኝ ሞተሩ ውስጥ ጎንብሷል። ዞር ሲል ጓደኛዬ ነው። ከስቷል፤ የተሰበረው ክንዱ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ሰላም ተባባልን። የተበጠሰውን ቺንጊያ፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ ሁለታችን ያለ ወሬ ቀየርን፤ ድሮ እንደምንሠራው፣ እሱ መብራት እየያዘ፣ እኔ እየፈታሁ።

ስንጨርስ መሰላሉን ወጥቶ ደህናውን እጁን ወደ ታች ዘረጋልኝ። ይዤው ወጣሁ። መቀመጫው የአንድ ሰው ነው፤ እኔ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ። ኮምባይነሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ላይ ሆኖ ስንዴው ሁሉ እስከ ተራራው ድረስ ይታያል፤ አቧራውና ገለባው በመስታወቱ ላይ ይዘንባል። ወደ ፊት እያየ፣ ከሞተሩ ጩኸት በላይ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

"ያን ቀን ከጋራዥህ ስንወጣ እናቴ ስላንተ ነበር የምታወራው።"

ለመስማት ጠጋ አልኩት።

"'ፊቱ ልክ አይደለም፣ አሞት ነው' አለችኝ። 'ብቻውን ነው የሚኖረው፣ ማን ያየዋል? ስንመለስ ወደ ቤት ይዘኸው ና' አለች። እስከ ዲንሾ ድረስ ስላንተ እያወራን ነው የሄድነው።"

ማሳው ጫፍ ደርሰን ዞርን። ዓይኑን አላየሁትም፤ እሱም የኔን አላየም። ውረድ አላለኝም። የቀረው ስንዴ ታጭዶ እስኪያልቅ ድረስ አጠገቡ ተቀመጥኩ።