አቦሸማኔውና እኔ ቢሮ የቀየርንበት ቀን

ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ቀኙን አቦሸማኔ ዘልዝሎታል።

እዚህ ዓረብ አገር፣ ሻርቅ በሚባለው ሰፈር የማጸዳው የዱር እንስሳት ጥበቃ ቢሮ ዛሬ ሪቃይ ወደሚባለው ሰፈር ተዛወረ። ከአገራችን በኮንትሮባንድ መጥቶ የተያዘ ጎረምሳ አቦሸማኔ ነበረን፤ ማረፊያ እስኪገኝለት በብረት ሣጥን እኛ ጋ ነበር።

ዕቃ ጫኙ ሰውዬ ሣጥኑን ደረጃ ላይ ጣለው። በሩ ተበረገደና አቦሸማኔው ወጥቶ ጭኑን ነከሰው። ሰውዬው የመደርደሪያ ብረት አንስቶ ጭንቅላቱን ይቀጠቅጠው ጀመር።

ወፍራሙ ጓንትና ማደንዘዣው በመጀመሪያው መኪና ሪቃይ ደርሰዋል። «እንስሳትን አትምቱ» የሚለው ፖስተር ግን ገና ከግድግዳው አልወረደም።

«ተው፣ ልትገድለው ነው» ብዬ እንስሳው ላይ ተደፋሁ። ብረቱ ጀርባዬ ላይ አረፈ፤ አቦሸማኔው ደግሞ እጄን በጥርሱ ያዘኝ። እሱማ ምን ያውቃል።

አለቃችን ማዳም ሮጣ መጥታ «ሐኪም ጥሩ፣ ቶሎ» አለች። ሐኪሙ እውነትም ቶሎ መጣ። የእንስሳት ሐኪም ነው። አቦሸማኔውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዞት ሄደ።

ማዳም ወደ እኔ ዞረች። «ደረጃው ላይ ያለውን ደም ጠርገሽ ሂጂ።»

ጠረግኩት። ግማሹ የኔ ነበር።

እናንተስ፣ የራሳችሁን ደም የጠረጋችሁበት ሥራ አለ? ጻፉልኝ። መልስ ብዘገይ እንዳትቀየሙ፣ ግራ እጄ ነው።