የበሬው ብስክሌትና የላባው ጎማ

ትክክለኛ ስሙን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት ቢባል ብዙም ማጋነን አይደለም። ለሌላው ሰው ሁሉ በሬው ነው። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱሪ ያሳጥራል፣ ኮት ያጠባል፣ ሆድ ገፍቶ የበጠሰውን ቁልፍ ያለ ሐሜት ይተክላል። ቅጽል ስሙ ግን ከመርፌና ከክር ጋር አይገናኝም። ከብስክሌት የመጣ ነው።

በወጣትነቱ የብስክሌት ክለብ አባል ነበር። ክለቡ ሁለት ዓይነት ብስክሌት ነበረው፤ ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ ሁለቱም ቀይ፣ በጎናቸው ያው ነጭ ጽሑፍ ያለባቸው። ለማያውቅ ሰው መንታ ናቸው። ልዩነታቸው የሚገባህ ስታነሳቸው ነው። አንደኛው ለአሸናፊ የተሠራ፣ በሁለት ጣት የሚነሳ ነው። ሌላው ለጀማሪ የተሠራው ርካሹ ነው፤ ቱቦው ወፍራም ብረት፣ ቸርኬው ኒኬል የተቀባ ብረት፣ የፔዳሉ ክንድ ሳይቀር ብረት። የክለቡ ጎረምሶች "ይሄ እኮ ብስክሌት አይደለም፣ የውሃ ቧንቧ ነው" እያሉ ይሳለቁበት ነበር። ለእሱ የደረሰው ይሄ ቧንቧ ነው። ዳገት ላይ አንገቱን ደፍቶ ሲታገል ያየ ሁሉ በሬ አለው፤ በሬ ሆኖ ቀረ።

እውነቱን ለመናገር ያ ብስክሌት ክፉ አልነበረም። ለመነሳት ይለግማል እንጂ አንዴ ከተነሳ መቆምን አያውቅም። ሜዳ ላይ እጅህን ከመሪው ብታነሳ እንኳ መንገዱን አይስትም። ኮረኮንች ላይ ቀላሎቹ የጋላቢያቸውን ጥርስ ሲያንቀጫቅጩ፣ እሱ ንዝረቱን ብረቱ ውስጥ ውጦ ያስቀረዋል። ማርሹ የሚቀየረው ቱቦው ላይ በተገጠመች ትንሽ ዘንግ ነበር፤ መግባት አለመግባቱን ጆሮህን ጥለህ ማዳመጥ ነው። አንድ ክፉ አመል ግን ነበረበት። ዝናብ ሲዘንብ የብረት ቸርኬ ፍሬን አይሰማም። ስለዚህ ለጀማሪ ሁሉ አስቀድሞ የሚነገረው "ቀድመህ ያዝ" የሚል ነበር። መታጠፊያው ገና ሩቅ ሳለ ፍሬኑን በስሱ ይዘህ ውሃውን ከቸርኬው ላይ ታስጠርጋለህ፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚቆምልህ። ይህን ያልሰማ ሰው አጥር ውስጥ ይገኛል።

ቀላሉ ብስክሌት የደረሰው አብሮ አደጉ ነበር፤ ላባው ይሉታል። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ዳቦ ለሁለት የሚገምጡ ጓደኛሞች ናቸው። በክለቡ ደንብ የበሬው ሥራ ፊት ፊት እየሄደ ንፋሱን መስበር፣ ላባውን ከጀርባው ሸሽጎ እስከ መጨረሻው ዳገት ማድረስ ነው። የላባው ጎማ ከፈነዳም የራሱን ከነቸርኬው ፈትቶ ይሰጠዋል። ውድድሩ ሲያልቅ ጎማ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ይሄም ደንብ ነው።

በትልቁ ውድድር ቀን የተፈራው ደረሰ። ከመጨረሻው ዳገት በፊት የላባው የፊት ጎማ ፈነዳ። በሬው ዘሎ ወረደ፣ የራሱን የብረት ጎማ ፈትቶ ገጠመለት፣ "ሂድ!" ብሎም ጀርባውን ገፋው። ላባው በዚያ ከባድ ጎማ ዳገቱን ወጥቶ አሸነፈ። በሬው ብስክሌቱንና የፈነዳውን የላባው ጎማ ተሸክሞ በእግሩ ሲደርስ አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ አሸናፊውን እየጠየቀው ነበር።

"ለዚህ ያበቃህ ማን ነው?"

"እግሬ ነዋ!" አለ ላባው፣ ገና ትንፋሹ ሳይመለስ። ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። በሬው ከሰው ጀርባ ቆሞ ሰማ።

በማግስቱ ጎማዬን ይዞ ይመጣል ብሎ ጠበቀው። አልመጣም። በሬውም "እሱ ካላመጣ እኔ ደጁን አልጠናም" አለ። የላባው ጎማ የውድድር ጎማ ነውና ውስጡ ከውጪው ጋር አንድ ላይ የተሰፋ ነው። ስፌቱን ተረተረ፣ ቀዳዳውን ደፈነ፣ መልሶ ሰፋው፤ እጁ መርፌ የለመደው ያን ጊዜ ነው። በራሱ ብስክሌት ላይ ገጠመው። የላባው ቸርኬ አልሙኒየም ስለሆነ በዝናብም ፍሬን ይሰማል፤ ቧንቧው ከፊቱ ቀለል አለው፣ መሪው ተፍታታ። እግሩ ወደደው፣ ሆዱ ግን ቂም ቋጠረ።

ሁለቱም አገቡ፣ ወለዱ፣ ሸበቱ። ላባው ትልቅ መሥሪያ ቤት ገብቶ ከላይኛው ሰፈር ቤት ሠራ። ሰርግ ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ነበር። የበሬው ሚስት "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" እያለች ስትነዘንዘው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው።

"አንድ ቃል ብቻ ነው የምፈልገው። 'አንተ ነህ' ይበለኝ። ሌላ ምን ጠየቅኩት?"

እንዲህ እንዳሉ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የላባው ወንድ ልጅ የበሬው ሱቅ በር ላይ ቆመ። የልጆች አባት ሆኗል፤ ፊቱ ግን ቁርጥ አባቱን ነው።

"ጋሼ፣ አባዬ በጠና ታሟል። ምላሱ ተይዟል፣ መናገር አይችልም። ብስክሌቱ ወደተሰቀለበት ክፍል እያመለከተ ይወራጫል፣ የፊት ጎማውን ያሳየናል። እናቴ 'ጋሼን ጥራው፣ እሱ ያውቃል' ብላኝ ነው የመጣሁት።"

የበሬው ፊት ጠቆረ። ገባኝ አለ በልቡ። ሞት አፋፍ ላይ ሆኖም ጎማዬን አምጡ ነው የሚለው።

"ለእናትህ ነገ አመጣለሁ በላት" አለው።

ማታ ቤቱ ጎማውን ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ አጋደመው። ውጪው ተልጧል። ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን አዲስ ጎማ አወጣ፣ አሮጌውን ማስቲሽ ከቸርኬው ላይ ፋቀ፣ አዲሱን ቀብቶ አለበሰው። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየነካካ መወላገዱን አቃና።

"አሁኑኑ ለምን አትሄድም?" አለች ሚስቱ።

"ማስቲሹ መድረቅ አለበት። እርጥብ እያለ ከተነዳበት ይወልቃል።"

"በታክሲ ሂዳ! ሰውዬው የጠራው ጎማ አይደለም፣ አንተን ነው።"

"በተላጠ ጎማ እሱ ቤት አልገባም። በሬው አበላሽቶ መለሰው እንዲባል ነው የምትፈልጊው?"

ይህ ሰው በመርፌም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ አንድ ስፌት ከተጣመመ ኮቱን ሙሉውን ይፈታዋል።

በማግስቱ ማስቲሹን በአውራ ጣቱ ፈትኖ፣ ጎማውን ብስክሌቱ ላይ መልሶ ገጥሞ ተነሳ። ዳገቱ ላይ ሁለቴ አረፈ። ሲጋልብ የሚለውን ሁሉ ያሰላስል ነበር፦ ይኸው ጎማህ፣ ከወሰድኩት ይበልጥ አሳምሬዋለሁ፣ አንተስ የእኔን የት ጣልከው? ከበሩ ሲደርስ ሰዎች ደጅ ቆመው አየ። ልጅየው ወደ እሱ መጣና አንገቱ ላይ ተጠመጠመ።

"ሊነጋ ሲል፣ ጋሼ" አለው። "ሊነጋ ሲል አመለጠን።"

በሬው ብስክሌቱን እንደያዘ ቀረ።

የላባው ሚስት ከውስጥ ወጥታ እጁን ያዘችው፤ ወደ ኋለኛው ክፍል መራችው። ቀዩ ብስክሌት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከኋላው ቀላሉ የአልሙኒየም ጎማ አለ። ከፊቱ ግን ያ ኒኬል የተቀባው ብረት፣ ዝገት ሳይነካው፣ እንደ መስታወት የክፍሉን መስኮት እያሳየ ያበራል። በሬው እጁን ዘርግቶ በጣቱ ተጫነው። ጎማው ጠጣር ነበር፤ በቅርብ ተነፍቷል።

"ቅዳሜ ቅዳሜ ይነፋዋል" አለች። "ይወለውለዋል። 'ባለቤቱ ሲመጣ ተንፍሶ እንዳያገኘው' ይለኛል። ለምን አንተ አትወስድለትም ስለው 'በምን ዓይኔ አየዋለሁ? አፌ እኮ ነው ያጠፋኝ' ይላል። ትናንት የሚያመለክተው ይህን ጎማህን ነበር፤ አውርዱልኝ፣ በእጄ ልስጠው ማለቱ ነው። እስኪመሽ በሩን ሲያይ ዋለ።"

በሬው ተንበርክኮ የራሱን ጎማ ከላባው ብስክሌት፣ የላባውን ከራሱ ብስክሌት ፈታ። መፍቻው ሁለቴ ወደቀበት። በአዲስ ማስቲሽ ያሳመረውን ጎማ በቦታው ገጠመና ብስክሌቱን መልሶ ሰቀለው። ቀና ሲል እንባው አገጩ ላይ ደርሶ ነበር፤ አላበሰውም።

ከቀብር ወደ ቤቱ ሲመለስ ዝናብ ጀመረ። ቧንቧው እንደ ድሮው ሆኗል፤ ከፊቱ ከብዷል፣ መሪው ረግቷል፣ ኮረኮንቹን እየዋጠ ይሄዳል። የወጣትነቱ ብስክሌት ነው። በሬው ዳገቱን፣ በውድድሩ ቀን የገፋውን ጀርባ እያሰበ ቁልቁለቱን ወረደ። ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ፍሬኑን ጨበጠ። ብስክሌቱ አልሰማውም። በር ላይ የቆመችውን ሚስቱን አልፎ፣ የጎረቤቱን አጥር አልፎ፣ መንገዱ ሜዳ ከሆነበት ወዲያ ነው የቆመው።

እየገፋ ተመለሰ። ሚስቱ የፊት ጎማውን አየችው።

"አገኘኸው?"

"ጎማዬን አገኘሁ" አላት። "እሱን አልደረስኩበትም። ቀድሜ መያዝ ነበረብኝ፤ ረሳሁት።"

ሚስቱ ብስክሌቱን ከእጁ ተቀብላ ወደ ውስጥ አስገባችው።