መምህር ከፈለኝ ያስተማሩት ግስ

ሚዛን ተፈሪ ተወልዶ ካደገ የአርባ ዓመት ሰው መካከል እንግሊዝኛን በመምህር ከፈለኝ እጅ ያልጀመረ ማግኘት ያስቸግራል። ማጂ ላይ ሁለት ዓመት ካስተማሩ በኋላ ወደ ሚዛን ተዛወሩ፤ ከዚያ ጡረታ እስኪወጡ በአንድ ትምህርት ቤት፣ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ክፍል አስተማሩ። ክፍሉ ኮርኒስ አልነበረውም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ መውረድ ሲጀምር መምህሩ ምንም ያህል ቢጮኹ ሦስተኛው ረድፍ ጋ አይሰሙም። ሌሎች መምህራን በዚያ ሰዓት ሰሌዳው ላይ ማስታወሻ ይጽፉ ነበር። ከፈለኝ ግን ጠመኔውን አስቀምጠው ግሶችን በአካላቸው ማሳየት ያዙ። መግፋትን በሩን ገፍተው፣ መሸከምን ወንበር ተሸክመው ያስተምሩ ነበር። ዝናቡ ቢያባራም ልማዱ አልቀረም።

ተማሪዎቻቸው ከሁሉ አብልጠው የሚያስታውሱት “ግሪት” የሚለውን ግስ ነው። መምህሩ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ይወጡና በሩን ከኋላቸው ይዘጋሉ። ሰባ ተማሪ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከዚያ አንኳኩተው ይገባሉ፤ ከተማሪዎቹ አንዱን መርጠው ፊቱ ይቆማሉ፤ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው እጃቸውን ይዘረጋሉ። ተማሪው ተነሥቶ ይጨብጣቸዋል። ቃሉን ሰሌዳው ላይ የሚጽፉት ከዚህ በኋላ ነው። የአማርኛ ፍቺ አይጨምሩበትም። ከክፍሉ ግማሹ ቤቱ ሲገባ ቤንችኛ፣ ሸኮኛ ወይም ካፍኛ የሚናገር ስለነበር፣ በትምህርት ቤት የመጣን አንድ ቋንቋ በትምህርት ቤት በመጣ ሌላ ቋንቋ ማስረዳት ስሜት አይሰጣቸውም ነበር።

“ይህ ግስ ብቻውን አይቆምም” ይሉ ነበር። “ከኋላው ሰው ይፈልጋል።”

አንድ ዓመት ታምሩ የሚባል ከገጠር የሚመላለስ ተማሪ እጁን አወጣ። “ቲቸር፣ እንግሊዞች ሰላም ሲባባሉ ስለ ከብቶቹም ይጠይቃሉ?”

“አይጠይቁም።”

“ስለ ልጆቹስ?”

“አንዳንዴ።”

“ታዲያ አልጨረሱማ” አለ ታምሩ፤ ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም ሳቁ።

የቤት ሥራው በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነበር። ተማሪዎቹ አመሻሹ ላይ በየሰፈራቸው አራት ሰው ሰላም ብለው አራት ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ። አምስተኛው ዓረፍተ ነገር ሰላም ስለማይባባሉ ሰዎች ነው። መምህሩ አርመው ሲጨርሱ ደህና ደህናዎቹን ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው ያነቡላቸዋል።

በ2003 ዓ.ም. ምሕረት የምትባል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ አምስተኛውን እንዲህ ብላ በእንግሊዝኛ ጻፈች፦ መምህር ከፈለኝ ጋሽ በዛብህን ሰላም አይሉም። ፊደሉም አቀማመጡም አንድ ስሕተት አልነበረበትም። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ የራይት ምልክት አደረጉበት፤ ክፍል ውስጥ ግን ሳያነቡት አለፉ። ምሕረት ደወል ሲደወል ጠረጴዛቸው ጋ ቀረበች።

“ቲቸር፣ የእኔ ልክ አይደለም እንዴ?”

“ልክ ነው።”

“ታዲያ ለምን አልተነበበም?”

ወረቀቱን አልመለሱላትም። “ይህ እኔ ጋ ይቀመጥ” ብቻ አሏት።

በዛብህ አናጢ ናቸው፤ ከመምህሩ ጋር የሚለያያቸው አንድ አጥር ነው። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ወቅት እሑድ እሑድ ሳይገናኙ አይውሉም ነበር። በየግቢያቸው ያለውን የቡና ማድረቂያ አልጋ በዛብህ ናቸው ከአንድ ግንድ ሠርተው በአንድ ዓይነት ሽቦ የወጠሩት። ኅዳር ሲመጣ ሁለቱም አልጋዎች ላይ ቀይ ቡና ይሰጣል። ሰፈሩ ውስጥ ያልተጻፈ ደንብ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ቤቱ የተገኘ ሰው የጎረቤቱንም ቡና ሸራ ያለብሳል።

በ2002 ዓ.ም. ኅዳር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ መምህሩ ቤታቸው ፈተና ሲያርሙ ዝናብ መጣ። ሮጠው የራሳቸውን ቡና ሸፈኑ። ወደ በዛብህ ግቢ ሲያዩ አልጋው እንደተገለጠ ነው፤ ከቤት ውስጥ ግን የሬዲዮ ድምፅ ይሰማል። የበዛብህ ባለቤት በየነች እቤት ያለች፣ አሁን የምትወጣ መሰላቸው። ወደ ፈተናቸው ተመለሱ። በየነች ያን ቀን አማን ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር። ቡናው እስኪመሽ ሲደበደብ ዋለና ሻገተ፤ የዓመት ልፋት ገበያ የማይወጣ ሆነ።

መምህሩ ይህን ሲሰሙ ማታውኑ ሄደው ሊናገሩ አሰቡ፤ ዝናቡ አላቆመም። በማግስቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ በዛብህ ዝም ብለው አለፉ። መምህሩም አለፉ። ስለ ሬዲዮው ለሚስታቸው ለማናልሞሽ እንኳ አልነገሩም፤ ምክንያት መደርደር ሆኖ ታያቸው። በየዓመቱ ግን ኮታቸውን ቆልፈው ከክፍሉ እየወጡ፣ እያንኳኩ እየገቡ፣ “ግሪት”ን ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ሁለቱ ሴቶች በአጥሩ ቀዳዳ መመላለሳቸውን ለአንድ ቀንም አላቋረጡም።

ባለፈው ኅዳር ማናልሞሽ በዚያው ቀዳዳ ተመልሳ መጣችና ባሏ አጠገብ ተቀመጠች።

“በየነች ልትሄድብኝ ነው” አለች። “ልጃቸው ቴፒ ቤት ሠርታለች። ጋሽ በዛብህም ጉልበታቸው እንቢ ስላለ መጋዙን ትተዋል። ቅዳሜ ጠዋት አይሱዙ ይመጣል።”

“ቴፒ ቅርብ ነው” አሉ ከፈለኝ።

“ለእኔ ቅርብ ነው። አንተ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ይህን አጥር መሻገር ያቃተህ ሰውዬ፣ ቴፒን ቅርብ ትላለህ?”

ዓርብ ማታ ከፈለኝ ባርኔጣቸውን ከሣጥን አውጥተው ሲቦርሹ ማናልሞሽ አይታ እንዳላየች ሆነች።

ቅዳሜ ጠዋት ደመናው ከአማን በኩል ዝቅ ብሎ ነበር። አይሱዙው በዛብህ ግቢ ገብቶ የመኝታ አልጋው፣ ቁም ሣጥኑና የአናጢ ጠረጴዛው ተጭኗል። መምህር ከፈለኝ ኮታቸውን ቆለፉ። በአጥሩ ቀዳዳ አልሄዱም፤ በመንገዱ ዞረው በዋናው በር መጡ። በሩ ለመኪናው ተብሎ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እሳቸው ግን ቆመው አንኳኩ።

በዛብህ ጭነቱ ላይ ቆመው ገመድ ያጠብቁ ነበር። ዞር ብለው ተመለከቱ። በየነች ድስት እንደያዘች ባለችበት ቀረች።

ከፈለኝ መኪናው ሥር ደርሰው ባርኔጣቸውን ከፍ አደረጉ፤ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ እጃቸው የሚዘረጋው ወደ ታች ነበር።

“እንደምን አደርክ፣ በዛብህ?”

በዛብህ ጎንበስ ለማለት ጊዜ ወሰደባቸው፤ ጉልበታቸውን ይዘው ነው ዝቅ ያሉት። የተዘረጋውን እጅ ጨብጠው ከጭነቱ ወረዱ።

“እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ እንዴት አደርክ?” ሰማዩን አዩ። “ይኸው መጣ። የሸራውን ጫፍ ያዝልኝ።”

አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ ሆነው ሸራውን ጭነቱ ላይ ጎተቱት።

“የዚያን ቀን እቤት ነበርኩ” አሉ ከፈለኝ።

“አውቃለሁ።”

“ሬዲዮው ሲያወራ ሰምቼ በየነች ያለች መሰለኝ።”

በየነች ድስቱን መሬት አስቀመጠች። “ሬዲዮውን ሌባ እንዳይገባ፣ ሰው ያለ እንዲመስል ብዬ ነው ከፍቼው የሄድኩት።”

“መስሏል” አሉ ከፈለኝ።

በዛብህ ለአፍታ በአፍንጫቸው ሳቁ፤ መልሰው ገመዱን አጠበቁ። “የቡናው ነገር በዓመቱ ወጣልኝ” አሉ። “ያን ማታ መጥቶ ይነግረኛል ብዬ በሩን ሳልቀረቅር አመሸሁ። ያ ነው ያልወጣልኝ።”

“ዘነበብኝ።”

“ቤቴ እኮ አጥርህ ሥር ነው፣ ከፈለኝ።”

“ነው” አሉ መምህሩ።

አራቱን ማዕዘን አስረው ሲጨርሱ የመጀመሪያው ጠብታ ሸራው ላይ ወደቀ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ቀጥሎ በዛብህ ስለ ልጆቻቸው አንድ በአንድ ጠየቁ፤ ከፈለኝም መለሱና በተራቸው ጠየቁ። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ የነበረው ልደት፣ ጋብቻና ለቅሶ ሁሉ ሳይጠያየቁበት ስላለፈ ጥያቄው ረዘመ። ሹፌሩ ሁለቴ ጥሩንባ ነፋ። አልሰሙትም፤ ወይም የሰሙ አልመሰሉም።

እሑድ ምሕረት መጣች። ዛሬ አማን ውስጥ እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ ብዙ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ትጠይቃቸዋለች። መምህሩ ከመጽሐፍ መካከል የወየበ ወረቀት አውጥተው ሰጧት። የራሷን ጽሕፈት ለማወቅ ጥቂት ፈጀባት።

“አምስተኛው ከእንግዲህ ልክ አይደለም” አሏት።

ምሕረት ወረቀቱን አየች፤ ከዚያ በአጥሩ ላይ ወደ ባዶው ግቢ አየች።

“ያኔ ግን ልክ ነበር፣ ቲቸር።”

“ያኔ ልክ ነበር” አሉ።