የክቱ ቀሚስ በአዘቦት ቀን

የመሐል ሜዳ ከተማ ብርድ ሰውን ልብስ ያስከማቻል። ሰው በላይ በላዩ እየደረበ ይኖራል፤ የደረበውንም አይጥልም፤ ነገ ከዛሬ ይብስ እንደሆነ ማን ያውቃል? የወይዘሮ ጌታነሽ ቁም ሳጥንም በዚህ ሒሳብ ሲጠቀጠቅ ኖሮ መዝጊያው አልገጥም ካለ ሰንብቷል። በገመድ ያስሩታል። ገመዱ በላላ ቁጥር መዝጊያው ተወርውሮ የባለቤታቸውን የአቶ ዳኜን ግንባር ይገጫል። አቶ ዳኜ ዓይናቸውን የሞራ ግርዶሽ ከጋረደው ዓመታት አልፈዋልና መዝጊያው ሲመጣ አያዩትም። «ጌታነሽ፣ ሳጥንሽ ዛሬም መታኝ» ብለው ግንባራቸውን እያሹ ይስቃሉ።

አሁን ግን ነገር ተለወጠ። ወንዱ ልጃቸው አወቀ አባቱን ደብረ ብርሃን ወስዶ አሳከማቸው። ሞራው ተገፈፈ፤ አቶ ዳኜ ያያሉ! ማክሰኞ በአውቶቡስ ይገባሉ። ሐኪሙ «አቧራ እንዳይነካቸው» ብሏል ተብሎ፣ ሴቷ ልጅ ጽናት መኝታ ቤቱን ልታጸዳ ቀድማ መጣች። ጽናት ደብረ ብርሃን የልብስ ሱቅ አላት፤ ልብስ ማጠፍና መስቀል እንጀራዋ ነው።

«እማዬ፣ ደንቡ አንድ ነው» አለች ገመዱን እየፈታች። «ዓመት ሙሉ ያልተለበሰ ልብስ ከዚህ ቤት ይወጣል። የተለበሰው ይቀመጣል።»

«ይሁን» አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው።

ሳጥኑ ተከፍቶ የዋጠውን መትፋት ጀመረ። የበጉን ጸጉር ራሳቸው የፈተሉት ባና፣ ያ ወፍራሙ ብርድ ልብስ ወጣ፤ «ለልጆቹ ጎጆ መውጫ» ተብሎ ልጆቹ ጎጆ ከወጡ በኋላም የተቀመጠ። የአወቀ የአንደኛ ክፍል ዩኒፎርም ወጣ። አዝራሩ ለሌላ ካፖርት የተነቀለ ካፖርት ወጣ። ጽናት አንድ በአንድ እያነሳች «ይሄን ዘንድሮ ለብሰሽዋል?» ትላለች፣ እናት መልስ ይሰጣሉ፣ ልብሱም ወደየክምሩ ይሄዳል።

እኩለ ቀን ላይ ጽናት ቀና ብላ ሁለቱን ክምሮች አየች። «ይውጣ» በተባለው በኩል እጥፋቱ ያልተፈታ ነጠላ፣ ወረቀት እንደተጠቀጠቀበት ያለ አዲስ ጫማ፣ እሷው ራሷ አምና ያመጣችው ሹራብ ከነላስቲኩ። «ይቀመጥ» በተባለው በኩል ክርኑ የተጣፈ ቡኒ ሹራብ፣ ቀለሙ የሸሸ የቤት ቀሚስና ጫፉን አይጥ የቀመሰው ጋቢ። በዚህ ደንብ ከተሄደ እናቷ ማክሰኞ አባቷን የሚቀበሉት በቡትቶ ነው። አልጋውን ይዛ እስኪያማት ሳቀች።

እኔ ጽናትን አልፈርድባትም። ደንቧ ለሌላ አገር ሰው ይሠራ ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ልብስ የክትና የአዘቦት ነው፤ የክት የሚባለውም ባለመለበሱ ነው። ጥሩ ልብስ ያለው ሰው ጥሩ ልብስ ለብሶ አይታይም።

«ይውጣ» የተባለው «ይቀመጥ» ተብሎ ክምሩ ከተገለባበጠ በኋላ ከሳጥኑ ሥር በአሮጌ አንሶላ የተጠቀለለ ነገር ቀረ። ጽናት ልትፈታው ስትል እናቷ ብድግ አሉ።

«እሱን ተይው!»

አንሶላው ተፈትቶ ነበር። ነጭ ቀሚስ ከነነጠላው፤ ጥለቱ እሸት ገብስ የመሰለ አረንጓዴ።

«ለብሰሽው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«አንዴም? እንግዲያው በደንቡ መሠረት ወደ እኔ ሱቅ...»

«አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ!» አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ ቀሚሱን እየነጠቁ። ሁለቱም ሳቁ፤ እናቲቱ ግን ሳቃቸውን ቶሎ ጨረሱ።

ቀሚሱን የገዙት አቶ ዳኜ ነበሩ፤ አወቀ ክርስትና ሲነሳ። ጥለቱንም ራሳቸው መረጡ። የክርስትናው ዕለት ወይዘሮ ጌታነሽ «ወጥ ይነካዋል» ብለው ሳይለብሱት ዋሉ። ከዚያ እናታቸው ሞቱ፣ ጥቁር ለበሱ። የጽናት ሰርግ ዕለት ዝናብ ጣለ፣ ጭቃው ፈራ ተባ አሰኛቸው። አቶ ዳኜ በየዓመት በዓሉ «ዛሬስ?» ይሉ ነበር። ዓይናቸው ሲጋረድ ግን መጠየቁን ተዉት።

«ታዲያ ማክሰኞ ልበሺዋ» አለች ጽናት።

ወይዘሮ ጌታነሽ ቀሚሱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጥለቱን በጣታቸው ዳበሱ።

«አባትሽ ዓይኑ ሲጋረድ ጥርሴ ሙሉ ነበር» አሉ ዝግ ብለው። «ጠጉሬም ጥቁር። ከዚያ ወዲህ ያረጀሁትን አላየም። እሱ ዘንድ እኔ ያን ጊዜ ያለሁት ነኝ። ከአውቶቡስ ወርዶ ይህችን አሮጊት ሲያይ... ፈራሁ፣ ልጄ። ዓይኑ እንዲበራ ተስዬ፣ አሁን በራ ሲሉኝ ፈራሁ።»

ጽናት ልትስቅ ነበር፤ የእናቷን ፊት አይታ ተወችው። «አባዬ ይህን የገዛው ሳጥኑ እንዲለብሰው ነው?» ብቻ አለች።

ማክሰኞ ምንም በዓል የለም። ወይዘሮ ጌታነሽ ከሥር ሁለት ሱሪ ደርበው፣ ከላይ ቀሚሱን ለብሰው፣ ነጠላውን አጣፍተው ብቻቸውን ወደ መናኸሪያ ወረዱ። ጎረቤታቸው ፀጋ ከበር ላይ ሆና «እትዬ ጌታነሽ፣ ምነው፣ የማን ሰርግ ነው?» አለቻቸው።

«የራሴ!» አሉና አለፉ።

አውቶቡሱ ገባ። አወቀ ሻንጣ ሊያወርድ ወደ ኋላ ሲቀር አቶ ዳኜ ቀድመው ወረዱ። ጥቁር መነጽራቸውን አውልቀው የአንድ ሱቅ ማስታወቂያ አነበቡ፣ አህያ አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ ሁሉንም እንደ አዲስ እያዩ መጡና በወይዘሮ ጌታነሽ አጠገብ አለፉ። ጥቂት ሄደው ተመለሱ።

«እመቤቴ» አሉ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው፣ «ቡኒ ሹራብ የለበሰች ሴት እዚህ አካባቢ አላዩም? ቀለሙን ልጄ ነግሮኝ ነው።»

የፈሩት ደረሰ። ወይዘሮ ጌታነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። መልስ ቢሰጡ በድምፃቸው ሊታወቁ ነውና ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። የአቶ ዳኜ ዓይን ግን ከነጠላው ጫፍ ላይ አርፏል። እጃቸውን ሰደው ጥለቱን ያዙ።

«ይሄን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አሉ። ከጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ፊታቸው በዝግታ አዩ። «ጌታነሽ?»

«አረጀሁብህ፣ አይደል?»

«እስቲ አፍሽን ግለጪ።»

ገለጡ። አቶ ዳኜ አይተው አይተው አፋቸውን ከፈቱ፤ ድዳቸው ብቻ ታየ። «የኔስ? ደብረ ብርሃን መስታወት ቢሰጡኝ ሌላ ሽማግሌ ከፊቴ የቆመ መስሎኝ ሰላም አልኩት! ይሄን ሁሉ ዘመን በደህና ዓይንሽ እያየሽኝ አንድ ቀን እንኳ አረጀህ አላልሽኝም።»

ወይዘሮ ጌታነሽ ጥቂት አሰቡ። «እኔ እርጅናህን መቼ አየሁት» አሉ፤ እውነታቸውን ነበር። መናኸሪያው መሐል ሆነው እንደ ልጅ ሳቁ፤ አወቀ ሻንጣውን ይዞ ደርሶ ምን እንዳሳቃቸው ግራ ገባው።

ቤት ሲደርሱ ቁም ሳጥኑ ያለ ገመድ ተዘግቶ ጠበቃቸው። ዩኒፎርሙ ለፀጋ ልጅ ተሰጥቷል፤ ባናውን ጽናት «የጎጆ መውጫዬ ዘገየ እንጂ አልቀረም» ብላ ወስዳዋለች። አቶ ዳኜ ግን ከልማዳቸው የተነሳ ግንባራቸውን በእጃቸው ከልለው በሳጥኑ አጠገብ አለፉ።

ሲመሽ ወይዘሮ ጌታነሽ ቀሚሱን አውልቀው አሮጌውን አንሶላ ፈለጉ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ አቶ ዳኜ ከአልጋው ላይ።

«ላስቀምጠው ነዋ። ነገ ምን በዓል አለ?»

«ነገም እኮ ዓይኔ ያያል።»

ወይዘሮ ጌታነሽ አንሶላውን መልሰው አጠፉት። ቀሚሱንም ጽናት በተወችላቸው ማንጠልጠያ ከፊት ለፊት ሰቀሉት።