ወደ ሊጉ የተላኩ ሽማግሌዎች

ባለፈው ቅዳሜ እማዬ ምስር ግዢ ብላ የአበሻ ሱቆችና ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ወዳለው ሱቅ ላከችኝ። ባለሱቁ አዲስ ጆንያ በመቀስ ሲከፍት ያ ደረቅ፣ አቧራ አቧራ የሚል፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ገለባ የሚመስል ሽታ ፊቴን መታኝ። ከኋላዬ ወረፋ የያዙት ሴትዮ "ትገዢያለሽ ወይስ ትጸልዪበታለሽ?" ብለው እስኪቆጡኝ ድረስ ጆንያው ላይ አጎንብሼ ቆሜ ነበር ለካ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ትዝታ አለኝ ማለት እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ግን ያ ሽታ የጋሼ ሮይ ሻንጣ ሽታ ነው፤ ጋሼ ሮይን ካየናቸው ደግሞ ብዙ ዓመት ሆነ።

ጋሼ ሮይ አበሻ አልነበሩም። ከእኛ በስተሰሜን፣ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ አገር፣ ስንዴና ምስር የሚያመርቱ ነጭ ገበሬ ነበሩ። "ጋሼ" ያላቸው አባዬ ነው፤ እሳቸውም ትርጉሙ ከተነገራቸው ቀን ጀምሮ ያለሱ ሲጠሩ ቅር ይላቸው ነበር። የከተማቸው ኮሌጅ የፉትቦል ቡድን፣ ያ እግር ኳስ እየተባለ በእጅ የሚጫወቱት፣ በየሁለት ዓመቱ ጥቅምት ላይ እኛ ከተማ እየመጣ ይጫወት ነበርና እሳቸውና ሚስታቸው ከተማሪነታቸው ጀምሮ አንድም ጊዜ ሳይቀሩ ተከትለውት ይመጡ ነበር። ሚስታቸው ያረፉ ዓመት ግን ብቻቸውን መጡ። በዚያን ጊዜ አባዬ ታክሲ ይነዳ ስለነበር ከኤርፖርት የጫናቸው እሱ ሆነ።

"ወዴት ልውሰድዎት?" ሲላቸው "እስቲ ዝም ብለህ ንዳ" አሉት። ባልድዊን ሂልስ የሚባለውን ሰፈር አንዴ ዞሩ፣ ደገሙ። አባዬ ምሳ ያልበላ ሰው ይዞ መዞር ስለከበደው ሂሳብ የሚቆጥረውን ሜትር አጠፋና ፌርፋክስ አምጥቶ ፓርክ አደረገ፤ እማዬ ወጥ የምትሠራበት ምግብ ቤትም አስገባቸው። ምስር ወጥ ቀረበ። አንዴ ጎረሱ፣ ሁለቴ ጎረሱ፣ ከዚያ አባዬን ቀና ብለው አዩትና "ይኼን ነገር ሃምሳ ዓመት ዘርቼዋለሁ፤ የሚበላ መሆኑን ዛሬ ነው ያወቅሁት" አሉት። እጃቸው ለምዶ ሁለት ትኬት ገዝተው ነበርና በማግስቱ የሚስታቸውን ለአባዬ ሰጡት። ስታዲየም በር ላይ ሰው ከማውረድ በቀር ገብቶ የማያውቀው አባዬ በሰው ሹራብ፣ በሰው ቡድን፣ በሟች ወንበር ተቀምጦ ሲጮህ ውሎ ድምፁ ጠፍቶ መጣ። የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እማዬ የነገረችኝን ከራሴ ጋር ደባልቄው ካልሆነ በቀር ያን ቀን እንዴት እንደሳቀ አስታውሳለሁ።

ከዚያ በኋላ በስድስት ዓመቴም መጡ፣ በስምንት ዓመቴም መጡ። ሻንጣቸው ግማሹ ምስር ነበር። እማዬ ወለሉ ላይ ከፍታ እፍኝ አፍሳ ታሸትና "እኚህ ሰውዬ ግን ልብስ የላቸውም እንዴ?" ትላለች፤ እሳቸው ምን አለች ብለው ሲጠይቁኝ "ቴንክዩ ነው ያለችው" እላቸዋለሁ። አባዬ ለፋሲካ እንኳ ገድፎ ከሰዓት በኋላ መኪናውን የሚያስነሳ ሰው ነው፤ ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ የሚወስደው፣ ስናወራው ዓይኑ እየተከደነ "እሺ፣ እሺ" የሚለን። ለጋሼ ሮይ ጨዋታ ግን በሁለት ዓመት አንዴ ሙሉ ቀን ይቀር ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ይዘፍናል። ሰው አባቱ ሲዘፍን የሚሰማው በሁለት ዓመት አንዴ ከሆነ ይቆጥረዋል፤ እኔም እቆጥር ነበር።

አሥር ዓመት ሊሞላኝ ሲል፣ እንግዲህ ተራው ሊደርስ ሲል፣ ጋሼ መርሻ ጋዜጣ ይዘው መጡ። ጋሼ መርሻ የአባዬ ጓደኛ ናቸው፤ ዌስትውድ በሚባለው ሰፈር አንድ የሐኪሞች ሕንፃ ሥር ፓርኪንግ ይሠራሉ፤ ቀኑን ሙሉ ቆመው ስለሚውሉ ምሽት ላይ ወንበር ሲያገኙ "እፎይ" የሚሉት ድምፅ ከበር ይሰማል። ጋዜጣውን እኔ አነበብኩላቸው። የጋሼ ሮይ ኮሌጅና የከተማችን ኮሌጅ ያሉበት ሊግ ከተራራው ማዶ ሁለት አዳዲስ ኮሌጆች አስገብቷል፤ ሲበዙ ደግሞ ሰሜንና ደቡብ ተብለው ለሁለት ተከፍለዋል፤ ከእንግዲህ የሰሜኖቹ እኛ ዘንድ የሚመጡት አልፎ አልፎ ነው። ይኼ ሁሉ የሆነው ቴሌቪዥን የሚከፍለው ገንዘብ እንዲጨምር ነው።

አባዬ ሰማና "ተጣልተው ነው?" አለ።

"ገንዘብ ሲገባ መቼ ይቀራል" አሉ ጋሼ መርሻ።

"ሽማግሌ አልገባበትም?"

"ማን ይግባ? እዚህ አገር ሰው ሲለያይ ጠበቃ ነው የሚገባው።"

እናማ እንዲህ ተጀመረ። በቀልድ የተጀመረ መስሎኝ ነበር፤ ግን በሳምንቱ አባዬ የሠርጉን ሱፍ ለብሶ፣ ጋሼ መርሻ በኮታቸው ላይ ነጠላ አጣፍተው፣ የአባዬ የታክሲ እንግሊዝኛ ለሽምግልና አይበቃምና እኔን በአስተርጓሚነት መሀል አስገብተው ወደ ከተማችን ኮሌጅ የስፖርት ቢሮ ሄድን። ሚስት ለመጠየቅም ሆነ የተጣላ ለማስታረቅ የሚሄድ ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ እስኪባልለት ድረስ አይቀመጥም። ይኼን እነሱ ያውቃሉ፤ የተቀበለን ልጅ አያውቅም። ደረቱ ላይ ስሙ የተለጠፈ፣ ፊቱ ገና ብጉር ያልጠፋለት ጨዋ ልጅ ነበር። "ተቀመጡ" አለን። አባዬ "እስኪፈቀድልን አንቀመጥም በይው" አለኝ። አልኩት። ልጁ ወንበሩ የቆሸሸ መስሎት ሌላ አመጣ። ጋሼ መርሻ በእጃቸው እምቢ አሉ። ልጁ ሦስተኛ ወንበር አመጣ፤ ጠባቧ ቢሮ ወንበር በወንበር ሆና እኛ መሀሏ ላይ ቆመናል።

የዓመት ትኬት ልንገዛ የመጣን ስለመሰለው የስታዲየሙን ሥዕል ዘረጋልንና ከዚህ እስከዚህ ይኼን ያህል፣ ከዚያ በላይ ለመቀመጥ ደግሞ መጀመሪያ ኮሌጁን በገንዘብ መርዳት ያስፈልጋል እያለ ማስረዳት ጀመረ። ጋሼ መርሻ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሥዕሉን በሁለት እጃቸው አጥፈው መለሱለትና ንግግር አደረጉ። ለዘመናት አብረው የኖሩ ወንድማማቾች በገንዘብ አይለያዩም፤ አንድ ሽማግሌ ሰሜን ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ እኛ የማንም ወገን አይደለንም፤ እባካችሁ። እኔ ይኼን ሁሉ በአሥር ዓመት እንግሊዝኛዬ አንድም ሳላስቀር አስተረጎምኩ፤ እውነቴን ነው፣ ኮርቼ ነበር።

ልጁ አልሳቀም። እስከዛሬ የማመሰግነው ለዚያ ነው። አንገቱን አከከና "እኛ እዚህ የምንወስነው ነገር የለም" አለ።

"ታዲያ ትልቁ ማነው በይው" አለኝ አባዬ።

ልጁ አሰበ። ከልቡ አሰበ። "ቴሌቪዥኑ ይመስለኛል" አለ።

ጋሼ መርሻ ስተረጉምላቸው ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና "ቴሌቪዥን ፊት ሽማግሌ ሲቆም የት ታይቷል?" አሉ። የዚህን ጊዜ አባዬ ተቀመጠ። ማንም እሺ ሳይለው፣ አጠገቡ ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ፣ ከሥራ እንደገባ ዓይነት፣ ዝርግት ብሎ ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ በእግራቸው የሚቆሙት ጋሼ መርሻ ግን አልተቀመጡም፤ አባዬን ከላይ ወደ ታች አዩትና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። 

አባዬ ለጋሼ ሮይ ደወለላቸው። ጨዋታ ባይኖርም በእንግድነት ይምጡ፣ ቤቴ ቤትዎ ነው አላቸው። "ጨዋታ ሳይኖር መጥቼ ቀኑን ሙሉ ምን ልንሠራ ነው?" አሉት፤ ክፉ ነገር አስበው አይደለም።  ሁለቱ የሚተዋወቁት ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ሜዳ እያዩ እንጂ ፊት ለፊት ተቀምጠው አልነበረም። እማዬ "እኔ ነበርኩ መደወል የነበረብኝ፤ በምግብ ጠርቼ አመጣቸው ነበር" ስትል ሰንብታ ተወችው።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ተራው ደረሰና የሰሜኖቹ መጡ። ግን ጨዋታው ስንት ሰዓት እንደሚጀመር የሚመርጠው ቴሌቪዥኑ ነውና የታወቀው ቀኑ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ተባለ። የጋሼ ሮይ ልጅ ደውላ አባቴ ጉልበታቸው ደክሟል፣ በዚያ ሰዓት ደረጃ አያወጡም፣ ቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን ያያሉ አለችን። እኛ ቤት ደግሞ ጨዋታውን የሚያሳየው የሊጉ የራሱ ቻናል አይገባም፤ የሳተላይት ሳህናችን ካምፓኒና ሊጉ በዋጋ አልተስማሙም። "ትኬት ገዝተህ ለምን አትሄድም?" ስትለው እማዬ፣ አባዬ "ከማን ጋር?" አላት። በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ መኪና በስልኩ መጥራት ጀምሮ የታክሲ ሥራ ቀዝቅዞ ነበርና ቀኑን ሲነዳ ውሎ ምሽት ላይ ጫማውን ሳያወልቅ ወጥ ቤት ተቀመጠ። ስልኩ ጮኸ። ጋሼ ሮይ ናቸው። እሳቸው እያዩ ሊነግሩት ነው፤ እዚህ የሚደረገውን ከዚያ።

አሁን ሳስበው ከእኛ የተወሰደው አንድ ቀን ነው፤ በሁለት ዓመት አንድ ቀን። ማንም ቢሰማ ያን ያህል ነገር አይደለም ይላል። አባዬ ግን ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም። ከጋሼ ሮይ ጋር አሁንም ለፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ይደዋወላሉ፤ እዚያ በረዶ መጣል አለመጣሉን ይጠይቃል፣ እዚህ ዝናብ መዝነብ አለመዝነቡን ይጠይቁታል፣ ያልቃል።

ያን ምሽት ግን ብዙ አወሩ። ጋሼ ሮይ "ይኸው ወረወረ! ያዘው! አይ፣ ጣለው" ሲሉ አባዬ አንዴ ጠረጴዛውን ይመታል፣ አንዴ ራሱን ይይዛል፣ የማያየውን ዳኛ ይሳደባል። ከእረፍት በኋላ የጋሼ ሮይ ድምፅ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አባዬ ስልኩን አልዘጋውም። ቀረብ ብዬ ጆሮዬን ሳስጠጋ ሕዝብ ሲጮህ ይሰማኛል። ከቤታችን በመኪና ሃያ ደቂቃ ላይ ያለ ሕዝብ ነው፤ ጩኸቱ ወደ ሰሜን ሄዶ፣ የተኙ ሽማግሌ ሳሎን ገብቶ፣ በስልክ ተመልሶ ወደ እኛ ወጥ ቤት ይመጣል።

"ማን እየመራ ነው?" አልኩት።

"እኔ እንጃ" አለኝ ቀስ ብሎ። "ዝም በይ፤ እንዳይነቁ።"