የቅሬያችን መዝገብ ሻርጃ ነው ያለው

ሌላው ሰው አገሩን በሌሊት ተደብቆ ይለቃል፤ እኔ መዲና ግን የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም በገበያ ቀን ነው። ከሰፈራችን ከአርዲቦ ዳር ተነስተን ሐይቅ ከተማ መነኸሪያ ድረስ እማዬና ግማሹ ቅሬያችን ሸኙኝ። ቅሬን ለወሎዬ ማስረዳት አያስፈልግም። ለሌላው ግን፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሙቱን አብሮ የሚቀብር የጎረቤት ማኅበር ነው። የቅሬው መሪ፣ ዳኛችን ሸህ ሰይድ ዱዓ አድርገው ሲያበቁ፣ "ዲፕሎማሽን ይዘሻል?" አሉኝ።

"ዳታቤዝ መማሬ ለሰው ቤት ጽዳት ምን ያደርግልኛል ሸህዬ?"

"ያዥው፤ ወረቀት አይከብድም።"

ከደሴ ኮሌጅ ያገኘሁትን ያን ወረቀት ከልብሴ ስር ከተትኩት።

ሻርጃማ፣ አቦ ምኑ ይወራል! ንፋሱ ራሱ የተቀቀለ ነው። ዓሣ ሲሰጡኝ የሐይቃችንን ቆሮሶ አስቤ ብጎርሰው፣ ጨው! ሰዉም "ኬፍ ሃሊክ" ብሎ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል፤ እኛ ዘንድ እኮ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሦስት ዓመት ሰው ቤት ኖሬ ተመላላሽ ሆንኩና፣ ከአምባሰሏ ትዕግሥት ጋር አንድ ክፍል ተከራየን። አሮጌ ላፕቶፕም ገዛሁ። አከራያችን ሲያየው ዓይኑ ፈጠጠ።

"ኸዳማ፣ ቤት ጠራጊ፣ ላፕቶፕ ምን ያደርግላታል?"

"አቧራውን እጠርግለታለሁ" አልኩት።

"መብራት ይበላል!"

"ኤሲህ ከተበላሸ ወር ሆኖታል፤ የሱን ድርሻ ነው የሚበላው።"

ከዚያ ወዲህ ስለ መብራት አንስቶ አያውቅም።

የሰሜኑ ጦርነት ሐይቅ ሲደርስ ስልክ ተቋረጠ። እማዬ ጋ ብደውል ብደውል ዝም። ሰዉ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ አዲስ አበባ ተበተነ። በየመጠለያው የሚያግዙ ልጆች የተፈናቃዩን ስም በኤክሴል እየጻፉ ይልኩልን ጀመር። ያኔ ነው ያ ወረቀት የሠራልኝ። ዳታቤዝ ሠራሁ፤ ትዕግሥት ፋይል ትቀበላለች፣ እኔ ስሙን ወደ ዳታቤዙ አስገባለሁ። ዘመዷን ያጣች የወሎ ልጅ ሁሉ እኛ ጋ ትደውላለች። ስንቷ አባቷን አግኝታ እልል አለችልኝ! ቀን የሰው ቤት መጸዳጃ አጥቤ ስመለስ የምቀመጠው ግን እንደ ዳኛ ነበር።

የእኔዋ እማዬ ግን የለችም። "ፋጡማ አሊ ሙሐመድ" ብዬ ስፈልግ አንዲት ብቻ ናት የምትወጣው። ደወልኩ። የመርሳ ሴት ናቸው።

"ልጄ ነሽ?" አሉኝ።

"አይደለሁም እናቴ።" ስልኩን ዘጋሁት።

"መዲና፣ ምናልባት እኮ..." ብላ ጀመረች ትዕግሥት።

"ምናልባት አትበይኝ!" ብዬ ጮህኩባት። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ምክንያቱም በማግስቱ ነገሩን የደረሰችበት እሷው ናት። ቁጭ ብላ የአንዱን ፋይል ረድፍ ቆጠረች።

"ከደብረ ብርሃኑ መጠለያ የመጣው መቶ ሰማንያ ሰው ነው። አንቺ ጋ የገባው መቶ ሠላሳ። ሃምሳው ሰው የት ገባ?"

ክው አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አንድ ሰው ሁለቴ እንዳይመዘገብ ብዬ፣ ስም ከነአያቱ ከተመሳሰለ ሁለተኛውን ዝለለው ብዬ ዳታቤዙን አዝዤዋለሁ። ማስጠንቀቂያውንም እንዳይነዘንዘኝ አጥፍቼዋለሁ። ለወሎ ሰው! ፋጡማ አሊ በቁና በሚሰፈርበት አገር! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የእኔ ዳታቤዝ ግን ሃምሳ ሰው ለቀቀ።

ታዲያ ሰውን በምን እንለይ? ዕድሜ እንዳንል፣ እናቶቻችን በግምት ነው የሚናገሩት። ስልክ ያለው ጥቂት ነው። ቀበሌውም ስንቴ ተቀያይሯል።

"እናንተ ሰፈር ሁለት ፋጡማ አሊ ቢኖሩ፣ የትኛዋ ናት ብለሽ ትጠይቂያለሽ?" አለች ትዕግሥት።

"ቅሬዋ የት ነው እላለ..." አልጨረስኩትም። ተቃቅፈን ዘለልን።

ለልጆቹ ሁሉ "የእያንዳንዱን ሰው ቅሬ ጠይቁልን" ብለን ላክን። አንዱ አዲስ አበቤ፣ "ቅሬ ምንድን ነው? ፎርሙ ላይ የለም" አለን።

"አንተ ብቻ ጠይቅ፤ እነሱ ያውቁታል።"

አወቁት! ዕድሜውን የተጠራጠረው ሁሉ ቅሬውን ከነዳኛው ስም ተናገረ። አዲሱን ዓምድ ጨመርኩ፤ መለያው ስምና ቅሬ አንድ ላይ ሆነ። ማስጠንቀቂያውንም መለስኩና፣ ከእንግዲህ የተመሳሰለ ካለ እንዳትዘል፣ ጠይቀኝ አልኩት። ከዚያ ሁሉንም ፋይል እንደ አዲስ አስገባሁ። ረድፉን ስንቆጥር መቶ ሰማንያ ገብቶ መቶ ሰማንያ ሆነ። ስሟን ጻፍኩ። ሁለት ፋጡማ አሊ ሙሐመድ ወጡ፤ የሁለተኛዋ ቅሬ አርዲቦ ዳር ይላል።

በመጠለያው ልጅ ስልክ ደወልኩ።

"መዲናዬ? አብሽሪ፣ አለሁ።"

አልሐምዱሊላህ! እንደ ሕፃን አለቀስኩ። "ማን ነው ያገኘኝ?" ስትለኝ "ቅሬሽ ነው እማዬ" አልኳት። ሸህ ሰይድ አጠገቧ ኖረው ስልኩን ተቀበሏት።

"ልጄ፣ ስንሸሽ የቅሬው ደብተር ቤት ቀርቶ ጠፋ። ስማችን አንቺ ጋ አለ?"

"የተገኘው ሰው ሁሉ አለ ሸህዬ።"

"እንግዲያ መዝጋቢያችን አንቺ ነሽ።"

በሕይወቴ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም። እማዬ ስልኩን መልሳ ወሰደች።

"ያንቺንስ ስም ከኔ ስር ጻፍሽው?"

አልጻፍኩትም ነበር። ላፕቶፑን ሳብኩና ስሜን፣ የአባቴን፣ የአያቴን ሞላሁ። ቅሬ፣ አርዲቦ ዳር። የቀረው "አሁን ያለችበት" የሚለው ነው። እዚያ ላይ ሻርጃ ብዬ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለ። ባዶ ልለፈው ብል፣ ባዶ አትቀበል ብዬ ያዘዝኩት እኔው ነኝ።

"ጻፍሽው ወይ መዲናዬ?"

"እየጻፍኩ ነው እማዬ።"