ዱቄትና ትራምፔት

እህቴ ለእናታችን አንድም ቀን ዋሽታ አታውቅም። ይህን የምለው ታላቄ ስለሆነች አይደለም፤ ታላቅነቷን በኩርኩም ነው ያወቅኩት። ሆቴል በተቀጠረች ዕለት እማዬ «ምን ልትሠሪ?» ስትላት፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ «ልነፋ» አለቻት። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ዳቦ ቤት ዱቄት ስትነፋ የኖረች ሴት ናት፤ ቃሉ ሌላ ትርጉም ያለው አይመስላትም። ልጄ በሙያዬ ተተካች ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አወራች። እህቴ የምትነፋው ትራምፔት መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሳቁ ሊገለኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ያመጣው አባታችን ነው። አኮርዲዮኑን አንግቶ «ለሳምንት ነው» ብሎ ከአንድ የሙዚቃ ቡድን ጋር ወጣ፤ ሳምንቱ እስካሁን አላለቀም። እማዬ አላለቀሰችም። «ከዚህ ቤት ሁለተኛ ሙዚቀኛ አይወጣም፤ የወጣም አይመለስም» አለች። እማዬ ደግሞ አንዴ አለች ማለት አለች ነው። እህቴ ግን በትምህርት ቤት ባንድ ትራምፔት ከቀመሰች በኋላ መተው አልሆነላትም። እማዬ ሥራ ስትሄድ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ካፖርቶቹ መሃል ገብታ ትለማመዳለች። ጎረቤት «ማነው የሚያቃስተው?» ብሎ ሲጠይቅ «ቧንቧው ነው» እላለሁ።

በሆቴሉ የጃዝ ባንድ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ነበረች። መጀመሪያ ወንዶቹ ሳንባዋን ተጠራጠሩት፤ ሲከርም ግን እረፍት የሚለምኑት እነሱ ሆኑ። ሥራ ስትጨርስ በወጥ ቤቱ በኩል ነው የምትወጣው። እዚያ ጋጋሪው፣ ጨዋታ የማይጠግብ ሰው፣ ዱቄት በእፍኙ ይዞ ይጠብቃትና ይነሰንስባታል።

«ዛሬ ብዙ ነው የነፋሁት፤ ቅንድቤንም እንዳትረሳ» ትለዋለች።

እህቴ ቤት ስትገባም እማዬ ልብሷን እያራገፈችላት «እኔም ጀማሪ ሳለሁ እንዲሁ ነበርኩ፣ እጅሽ ሲለምድ ይቀንሳል» እያለች ታጽናናታለች። እኔ ትራስ ነክሼ እስቃለሁ።

የመጀመሪያ ድርሰቷን «ወንፊት» ብላ ሰየመችው። እማዬ ስትነፋ የወንፊቱን ጠርዝ በመዳፏ ትመታዋለች፤ ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት፣ ከዚያ ፋታ። ሕፃን ሳለን እንቅልፍ የሚወስደን በዚያ ምት ነበር። ድራም መቺው እውነተኛ ወንፊት ይዞ ምቱን ይጀምራል፤ ትራምፔቱ ይከተለዋል። «ወንፊት»ን ሳይሰማ ወደ ቤቱ የሚሄድ ደንበኛ ጠፋ።

ጉዱ የፈላው እማዬ ስለ እህቴ ስትቆረቆር ነው። ይህን ያህል ዓመት ነፍታ እንዴት አንድ እድገት አታገኝም? አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የክት ጫማዋን አደረገችና እኔን አስከትላ ሆቴሉ ሄደች። ሥራ አስኪያጁን አስጠራችና ልጄን በድላችኋታል አለችው።

«ኧረ እናቴ፣ እንደሷ የሚነፋ በከተማው የለም» አለ ሰውየው።

«ታዲያ ለምን አታሳድጓትም?»

«ከዚህ በላይ ወዴት? ፊት ለፊት ነው የምትቆመው። ሰው ከፍሎ ነው የሚገባው።»

«ስትነፋ ለማየት?»

«ቆሞ ነው የሚያጨበጭብላት።»

እማዬ ወደ እኔ ዞር ብላ «ሀብታም ምን ያህል ሥራ ቢፈታ ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ሥራ አስኪያጁ የፊት ወንበር ሰጣት። እህቴ ትራምፔቱን ይዛ ወደ መድረክ ስትወጣ እማዬን አየች፤ አፏ ደረቀ። ትራምፔት ነፊ ደግሞ አፉ ከደረቀ አለቀለት። እማዬ መጀመሪያ ትራምፔቱን፣ ከዚያ እህቴን አየች። ትከሻዋ ላይ አንዲት ብናኝ ዱቄት የለም። እማዬ ከወንበሯ ተነሳች። እህቴ ከእንግዲህ ቤት እንደሌላት ሁለታችንም ገባን፤ የእማዬን እጅጌ ይዤ ቀረሁ።

ድራም መቺው ምኑንም አላወቀም። ወንፊቱን አንስቶ ጀመረ፤ ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት፣ ፋታ። እማዬ ባለችበት ቆመች። የሚጠራት የገዛ መዳፏ ነው። ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ እጇም ሳያስፈቅዳት ጠረጴዛውን ይመታ ጀመር። እህቴ ይህን ስታይ ሳቅ አመለጣት፤ ከሳቁ ጋር ምራቋ ተመለሰና ነፋች። እንዲያ ነፍታ አታውቅም። እኔ የምስቀውና የማለቅሰው ተምታታብኝ፤ ደስታ አቅሌን አሳተኝ።

ሲያልቅ እህቴ ወርዳ ፊቷ ቆመች። «እማዬ፣ ቤት ልምጣ ወይስ አልምጣ?» አለቻት።

እማዬ ትራምፔቱን ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

«ፈጠንሽ» አለቻት። «እንዲህ ከተነፋ ዱቄቱ መሬት ነው የሚቀረው። ቤት ስንገባ አሳይሻለሁ።»

አሁን እህቴ በራሷ ክፍል ጃዝ ታስተምራለች። ጀማሪ ሁሉ ትራምፔት ከመያዙ በፊት ወንፊት ይይዛል፤ ወንፊቱን የምታስተምረው ደግሞ እማዬ ናት፤ ምሕረት የላትም። በቀደም አንዲት እናት ተቆጥታ መጣች። ልጄን ያስመዘገብኳት ለሙዚቃ ነው፣ እሷ ግን በየቀኑ ዱቄት ለብሳ ነው የምትመጣው አለች። እማዬ ወንበር ሳበችላት።

«ተቀመጪ» አለቻት፤ «ስትነፋ ስሚያት።»